የሁለት ባላ ሞት

«ሟርቷ ነው የገደለው!» አለች እንግዳ ተቀባይዋ፤ ይህን ስትል አምስተኛዋ ነበር። ለዘበኛው ነግራዋለች፤ ለአምቡላንሱ ሾፌር ነግራዋለች፤ ለኮንስታብሉማ ሁለቴ። «ጠዋት በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ራጅ አንሺዋ ‹አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እዚያው ሳጥንህ ላይ ድፍት ትላለህ› አለችው። ይኸው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ድፍት አለ!»

መርማሪዋ ጓንቷን እያጠለቀች አየቻት። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባና ፍሬ ቀላቅሎ በእሷ በኩል ያለፈ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

«እንዲያ ስትለው እሱ ምን አለ?»

«ሳቀ።»

«እንግዲያው ሟርቱን እዚያው አስቀምጪው። ሬሳው የት ነው?»

ክሊኒኩ ራጅ ብቻ የሚያነሳ ትንሽ ቤት ነው፤ አንድ ኮሪደር፣ አምስት በር። ከመጨረሻው በር ጀርባ፣ ከቁም ሳጥን እምብዛም በማይሰፋ ክፍል ውስጥ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው በደረቱ ተደፍቷል። ሰው ሁሉ ስሙን ትቶ «ሁለት ባላ» ይለው ነበር። ሁለት እስክሪብቶ፣ ሁለት መነጽር፣ ሁለት የቁልፍ ዘለላ የሚይዝ ሰው ነው። ምክር የጠየቀውንም «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ብሎ ያሰናብተዋል። ከቀኝ እጁ አጠገብ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ወድቋል።

«ኤሌክትሪክ ነው የያዘው» አለ ኮንስታብሉ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ኤሌክትሪክ ማጅራት የሚመታው?» ወንፊት ፀጉሩን ገለጥ አድርጋ እብጠቱን አሳየችው። «ደግሞስ ገመዱ ሰው ቢገድል ኖሮ የክፍሉ መብራት በጠፋ ነበር። ሰርቨሩ ይኸው እያጓራ ነው።»

ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኘች። መደርደሪያው፣ ካርቶኑ፣ ገመዱ ሁሉ አቧራ ጠጥቷል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው እሳት ማጥፊያ ብቻ አሁን ከሱቅ የወጣ ይመስላል። አንድ ሰው ጠርጎታል። ቀጥሎ ዓይኗ የክሊኒኩ ራጆች ሁሉ የሚቀመጡበት ሰርቨር ላይ አረፈ። ሁለት የዲስክ ማስገቢያ አለው። በአንደኛው አረንጓዴ መብራት ይርገበገባል፤ ሁለተኛው ባዶ ነው፣ ከበላዩም ብርቱካናማ መብራት በርቷል።

ኮንስታብሉ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «የጎደለውን ዲስክ አግኝቼዋለሁ። በራጅ አንሺዋ ክፍል፣ ጨረር በሚከለክለው የእርሳስ ሽርጧ ተጠቅልሎ። ልሰራት?»

«ቸኩለህ የበላኸው ያንቅሃል። ይህን ክፍል ዝጋ። ኮምፒውተር የሚነካ ሰው እንዳይኖር። ዲስክ ስለመጥፋቱም ካንተና ከእኔ በቀር ማንም አይስማ።»

ዘበኛው ዋናውን በር በምሳ ሰዓት ከውጭ ይቆልፈዋል። ከሟቹ ጋር ውስጥ የቀሩት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ራጅ አንሺዋ ደረቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ የሸሚዟ ፊት በወተት ርሷል። «ልጄ አራት ወሩ ነው» አለች። «ጡጦ አይዝም። ዛሬ ካሰራችሁኝ ማን ያጠባዋል?»

«ለምን አሟረትሽበት?»

«ሟርት! ምሳ አልበላም ብሎኝ ነው የተቆጣሁት። ለእሱ ያልተቆጣሁ ለማን ልቆጣ? ወንድሜ ማለት ነበር።»

«ዲስኮቹን ሲገጥም አይተሻል?»

ሴትየዋ ግራ ተጋባች። «ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። ‹ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚጻፈው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሙሉውን ይዟል› ብሎ አስረዳኝ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው።»

እንግዳ ተቀባይዋ በበኩሏ ስለ ዲስክ ስትጠየቅ «ያ የሚያጓራው ፍሪጅ ነው አይደል?» አለች። ጆሮዋ ግን ከእውቀቷ ይሻላል። «ሁለት ባላ ጠዋት ዶክተሩን ኮሪደር ላይ አስቁሞ ‹በአሮጌው ማሽን ስለነበሩት ራጆች ለብቻችን እናውራ፤ እህትህ እንዳትሰማ› አለው። ዶክተሩ ፊቱ አመድ መሰለ።»

«ይህን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ሟርቱ ይበልጣል ብዬ ነዋ!»

ዶክተር የሚባለው ራጆቹን የሚያነበው ሐኪም ነው፤ የክሊኒኩ ባለቤት ታናሽ ወንድም። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ የተከፈተ ደብዳቤ አለ።

«ራጆቹን ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ ሰርቨር ስናዛውር፣ ሁለት ባላ ስለ ዲስኮቹ ሁለት ምርጫ አቅርቦልኝ ነበር» አሉ። «ወይ መንታ ማድረግ፣ ወይ እያንዳንዱን ራጅ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ማስቀመጥ። የተከፈለው ይፈጥናል፤ ግን አንዱ ዲስክ ከሄደ የቀረው ግማሽ ለማንም አይረባም። ‹ይዘግይ፣ ይኑርልኝ› ብዬ መንታውን መረጥኩ። ወንድሜ አኮረፈ። ቀኑን ሙሉ ራጅ እስኪከፈት የሚጠብቀው እሱ ነውና። እኔ ከእሱ ጋር መነታረክ ሰልችቶኝ ለሁለት ባላ ‹አንተው አስረዳው› አልኩት።»

«ደብዳቤውስ?»

«የአንድ የሞተ በሽተኛችን ቤተሰቦች ናቸው። በአሮጌው ማሽን የነበረው ራጁ ይሰጠን፣ ሌላ ሐኪም ይየው ይላሉ። ‹ሳንባው ንጹሕ ነው› ብለናቸው ነበር።»

«ብለናቸው?»

ሴትየዋ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ወንድሜ ነው ያነበበው።»

ዶክተሩ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ምሳ ሰዓት ከክፍሉ እንዳልወጣ፣ ራጅ ሲያነብ እንደነበር ሳይጠየቅ ተናገረ።

«አዲሱ ሰርቨር ይፈጥናል?» አለች ወንፊት።

«እንደ ቀስት! ነፍሱን ይማረውና፣ መጀመሪያ ያንገራግር ነበር። ኋላ ‹እንዳልክ፣ ዶክተር› ብሎ እኔ እንደፈለግሁት ከፍሎ ገጠመው።»

«ሲገጥም አይተዋል?»

«ማየት ምን ያደርጋል? ፍጥነቱ ይመሰክራል።»

አሥር ሰዓት ላይ አራቱንም በዶክተሩ የማንበቢያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ኮንስታብሉ ካቴናውን እያሻሸ በሩ ላይ ቆመ፤ ዓይኑ ከራጅ አንሺዋ አልተነቀለም። እሷም ታውቃለች፤ ሰዓቷን ታያለች፣ ደረቷን ታብሳለች።

«ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልየው» አለች ወንፊት ለክሊኒኩ ባለቤት። «ዛሬ ጠዋት የተነሳ ማንኛውንም ራጅ ይክፈቱልኝ።»

ሴትየዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«አትልፊ፣ እትዬ» አለ ወንድማቸው። «ከእንግዲህ አይከፈትም።»

«ለምን?» አለች ወንፊት።

«ግማሹ የለማ!»

ባለቤቷ ቁልፉን ተጫኑ። የአንድ ሰው ጎድን አጥንት፣ ነጭና ጥርት ያለ፣ እስክሪኑን ሞላው።

ዶክተሩ ወደ እስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ግማሹ እንደሌለ ማን ነገርዎ?» አለች ወንፊት። «ዲስክ መጥፋቱን የምናውቀው እኔና ኮንስታብሉ ብቻ ነን። ሦስተኛው የወሰደው ነው።»

«እኔ... ገምቼ ነው። ሰው ሲሞት...»

«ሰው ሲሞት ዲስክ አይጎድልም። ልንገርዎት። መጀመሪያ ለራሴ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ሌባው ለምን አንድ ዲስክ ብቻ ወሰደ? እንግዳ ተቀባይዋ ብትሆን ‹ፍሪጁን› እንዳለ ታወጣው ነበር።» ልጅቱ አኩርፋ አፏን አሾለች። «ራጅ አንሺዋ መንታ መሆናቸውን ታውቃለች፤ ባትሪ አብርታለች። እህትዎም ያውቃሉ፤ ራሳቸው መርጠዋል። ከሁለቱ አንዳቸው ራጅ ማጥፋት ቢፈልጉ ሁለቱንም ዲስክ ነበር የሚነቅሉት። አንዱን ነቅሎ ‹በቃ፣ ሁሉም ሞተ› ብሎ የሚሄድ ሰው ራጁ ተከፍሏል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እዚህ ቤት እንዲያ የሚያምነው አንድ ሰው ነው። ሁለት መነጽር የሚይዝ ሰው ራጅን ለሁለት ይከፍላል ብለው ያመኑት፣ ዶክተር፣ እርስዎ ብቻ ነዎት። ‹እንዳልክ› ያለዎት ንዝንዝዎ እንዲያበቃለት ነው። ሲነቅሉት ሰርቨሩ ማጓራቱን አላቆመም፤ እርስዎ ግን ማራገቢያው ብቻ የሚዞር መሰለዎት።»

«እትዬ፣ ስሚኝ...»

«ዲስኩን በእርሳስ ሽርጥ ጠቀለሉት» ወንፊት ድምጿን አልቀየረችም፤ «ሟርቱን ወሬኛዋ ለቤቱ ሁሉ ስላዳረሰችው፣ በራጅ አንሺዋ እንዲሳበብ። የሚጠባ ልጅ ያላትን ሴት ለእስር ያጫት ይኸው ነው። የመቱበትን እሳት ማጥፊያ በደንብ ጠርገውታል፤ ከአቧራው ጋር፤ ገመዱንም አደጋ እንዲመስል ልጠው ጣሉት። ምክንያቱን ደግሞ ሟቹ ራሱ ነገረዎት፤ ‹በአሮጌው ማሽን ስለነበሩት ራጆች ለብቻችን እናውራ።› ያ ሳንባ ንጹሕ አልነበረም። አይደለም?»

ዶክተሩ የሸሚዙን አንገት ፈታ። «አንዲት ነጥብ ነበረች» አለ። «ደክሞኝ አለፍኳት። ሊያጋልጠኝ ነበር። እትዬ፣ ክሊኒኩ ይዘጋብሽ ነበር እኮ!»

«ክሊኒኩ በአፍንጫዬ ይውጣ!» አሉ እህቱ፤ ከዚያ ወዲያ ቀና ብለው አላዩትም።

ካቴናው ለእሱ ሆነ። ራጅ አንሺዋ ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ወደ ልጇ ሮጠች።

በዘጠነኛው ቀን፣ ዶክተሩ ቃሉን ሰጥቶ ከፈረመ በኋላ፣ ሁለቱን ዲስኮች የመረመረው ባለሙያ አንድ ገጽ ላከ። ከአሮጌው ማሽን የመጣ ራጅ በሁለቱም ላይ አንድም የለም። የአሮጌው ማሽን ብቸኛ ዲስክ ራጆቹ ወደ አዲሱ ሰርቨር በሚዛወሩበት ቀን ተቃጥሎ፣ ይዞት የነበረውን ሁሉ ይዞ ሄዷል። ሟቹ ጽፎ ያልላከው መልእክትም ተገኝቷል፦ «ዶክተር፣ አሮጌዎቹ ራጆች አልተረፉም፤ አንዱንም ሳላየው ነው የጠፉት። እህትህ ስትሰማ ትደነግጣለችና አብረን እንንገራት።»