ከቅዳሴ በኋላ የተጠጣው ሻይ

የታሪክ መምህሩ ዕንባቆም ማራኪ በተከራያት ክፍሉ፣ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ ሞተ። ከጠጣው ሻይ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኘ። የቀዳችለት ተማሪው ሃና ነበረች፤ ሰፈሩም «እሷ ናት» ብሎ ጨረሰ። ኢንስፔክተር ትርንጎ ግን ሰው ሁሉ ባንድ አፍ ሲፈርድ ደሟ ይፈላል።

በማግስቱ ሃናን ጣቢያ አነጋገረቻት።

«ምን ተባባላችሁ?»

«የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ሶቪየቱ መሪ ስለ ክሩሽቼቭ ነው። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ሁሉ ገጽ በገጽ ይመረምርብኛል። ማን ጻፈው? ከየት አመጣው? ሌላስ ማን መሰከረለት? ትናንት ‹ዋናው ድረ ገጽሽ የፈጠራ ንግግር አለበት፤ አውጪው› አለኝ። ጽሑፌን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ዲፌንስ እኮ ሰኞ ነው! አለቀስኩ። እሱ ሻዩን ጠጥቶ ወደቀ፤ እኔም ወዲያው ተያዝኩ።»

«የማን ገጽ ነው?»

«ይቅርብኝ፣ ስም አላነሳም።»

ትርንጎ ተበሳጨች። እስር ላይ ሆና የምትደብቀው ምን አለ?

የሟቹ አከራይ ወይዘሮ የትነበርሽ ያለቅሳሉ።

«ምነው፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ሰው!»

«ሻዩን ማን አፈላው፣ እትዬ?»

«እኔው! ትናንት ንጋት ላይ በፔርሙስ አስቀምጬለት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። በፍልሰታ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ አይቀምስም። ስልኩንም ሱባኤ ነኝ ብሎ ዘግቶታል። ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ሰንብቶ ከትናንት በስቲያ ማታ ቢመጣ፣ ሲያነብ አደረ።»

ትርንጎ በራሷ ተናደደች። እስካሁን የጠየቀችው «ከሰዓት በኋላ የት ነበራችሁ?» እያለች ነው፤ ፔርሙሱ ግን ከንጋት ጀምሮ እዚያ ነበር።

የሟቹ ባልደረባ መምህር ስማቸው መልሱን አዘጋጅቶ ነበር።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ዕንባቆምን ካየሁት ሳምንት አለፈኝ። ግን ልጅቷ ገጼን አውጪ ስለተባለች ሰው ትገድላለች?»

ሲመሻሽ ትርንጎ ሃናንም ከእስር አስመጥታ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበች።

«ሟቹ ድረ ገጽን ይጠይቀው የነበረውን እኔ ሰውን ልጠይቅ። መምህር ስማቸው፣ ገጽዎ ይውጣ መባሉን ከየት አገኙት?»

«ከ... ከልጅቷ።»

«እሷ ሟቹ እንደወደቀ ወዲያው ታስራለች። የገጹን ባለቤት ለእኔም አልነገረችኝ።»

«ዕንባቆም ደውሎልኝ...»

«ስልኩ ዝግ ነበር። ኢንተርኔት መጥቶ ገጽዎን የመረመረው ከትናንት በስቲያ ማታ ነው። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ የሰሙት ትናንት ጠዋት፣ እዚሁ፣ ከራሱ አፍ ነው፤ ‹ካየሁት ሳምንት አለፈኝ› ያሉት ውሸት ነው። ፔርሙሱም ጠዋት እዚህ ነበር። ቅዳሴ ሳይወጣ እንደማይነካው ያውቃሉ። መርዙን ጨምረው ሄዱ፤ እሱ ሲጠጣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ይሆናሉ።»

ስማቸው ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

«ስንት ዓመት ለፋሁበት! ተማሪው ሁሉ የሚጠቅሰው እኔን ነው! አንዲት ንግግር ብጨምርስ? በአገሩ ሁሉ ሊያዋርደኝ ነበር!»

ሃና ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ሊያዋርድህ? ‹ሰው ይሳሳታል፤ ሲያርመው መልሰሽ ትጠቅሽዋለሽ፤ እስከዚያ ስሙን ለማንም አታንሺ› ነው ያለኝ። እኔም ለፖሊስ እንኳ አላነሳሁም።»