ባለሁለት ቁልፉ ሳጥን

ርዕሰ መምህሩ የሞተው በራሱ ትምህርት ቤት፣ የምርጫ ጣቢያ በሆነው ክፍል ውስጥ፣ ሲጠብቀው ባደረው የድምፅ ሳጥን አጠገብ ነው። ማጅራቱን ተመትቷል፤ የተመታበት የደወል መዶሻ እዚያው ወድቋል። የጣቢያው ኃላፊ ስለነበረ፣ ጠዋት ቆጠራው እስኪጀመር ድረስ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ነበር የተቀመጠው።

መርማሪዋ ስትደርስ ጥፋተኛው ቀድሞ ተገኝቶ ጠበቃት። የሰፈሩ ሊቀመንበር የትምህርት ቤቱን ዘበኛ የፊጥኝ አሳስሮ በረንዳ ላይ አስቀምጦታል። ባልደረቦቿ ይህችን ሴት «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም።

«ነገሩ ያለቀለት ነው፤» አላት ሊቀመንበሩ። «ማታ ተጣልተው ነበር። ሳጥኑ እንደሆነ አልተነካም፤ ሁለቱም ቁልፎች እንደተቆለፉ ናቸው። ፈርሚልንና ወደ ቆጠራችን እንግባ።»

«እጄ ለፊርማ ሰነፍ ነው፤» አለችና ወደ ዘበኛው ሄደች።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«እንዴት አልጣላ፣ እትዬ? በርዶኝ አስገባኝ ብለው፣ ለእናቴ ልጅም አልከፍትም አለኝ።»

«ታዲያ ለማን ከፈተ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሊቀመንበሩ የተረፈውን ስኳርና ዘይት ጠብቅ ብለው ወደ መጋዘን ላኩኝ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት።» «ልጆች አሉኝ። ይሰቅሉኛል አይደል?»

ስኳሩና ዘይቱ ለምን እንደመጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በምርጫው የሚወዳደረው ሊቀመንበር «ውለታዬን እንዳትረሱ» እያለ ቤት ለቤት አድሎታል። ሰዉም ተቀበለ፣ መረቀ፣ አመሰገነ፤ ከዚያ ሄዶ ድምፁን ለተቃዋሚው ሰጠ እየተባለ ይወራል። እኔ በበኩሌ እሰየው ብያለሁ።

ክፍሉ ውስጥ የሟች ሚስት የተማሪ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ታናሽ ወንድሟ አለ፤ የተቃዋሚው ፓርቲ ታዛቢ እሱ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ርዕሰ መምህሩ ቤቱ አምጥቶ እንደ ልጁ አሳድጎታል፣ ፊደልም አስቆጥሮታል።

«የጋሼን ደም እንዳታስቀሪብን፤» አላት ወጣቱ እንባውን እየጠረገ። «ሳጥኑ እንኳ ደህና ነው። አንዱ ቁልፍ ጋሼ ኪስ ውስጥ አለ። ሌላው የኔ ነው፤ ስተኛም ከአንገቴ አላወልቀውም።» በክር ያንጠለጠለውን አሳያት።

«ለሰው አልሰጠህም?»

«ለእህቴም አልሰጥ።»

መርፌ ከጠረጴዛው ላይ ባዶ የድምፅ ወረቀት አንስታ በሳጥኑ አፍ ልትከት ሞከረች። ሰፊው ወረቀት በጠባቡ ቀዳዳ አልገባ አላት። ሁለት ጊዜ ስታጥፈው ሹልክ ብሎ ገባ። ዘበኛውን አስፈትታ ሁሉንም ሳጥኑ ዙሪያ ሰበሰበች።

«ክፈቱት።»

«ይሄ ሕገወጥ ነው፤» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሰው የተገደለበት ክፍል የኔ ነው።»

በሁለቱ ቁልፎች ተከፈተ። ከላይ፣ እሷ ከከተተችው አንድ ወረቀት በቀር፣ እጥፋት የሚባል ያልነካቸው ወረቀቶች ተደርድረዋል። ከሥራቸው የታጠፉት የሰፈሩ ሰዎች ድምፆች አሉ።

«መራጭ ሳያጥፍ በዚህ ቀዳዳ መክተት አይችልም፤» አለች መርፌ። «እነዚህ የገቡት ክዳኑ ተነስቶ ነው። የቸኮለ ሰው ማጠፍ ረሳ። ክዳኑ ደግሞ ያለሁለቱ ቁልፍ አይነሳም። አንዱን ከሬሳው ኪስ ወስዶ መመለስ ይቻላል። ሁለተኛው ከአንገት አልወረደም፤ ባለቤቱ ነው የነገረን። ርዕሰ መምህሩ ለማንም አልከፍትም ብሎ ከፈተ፤ ጀርባውንም ሰጠ። ጀርባውን የሚሰጠው ለማን ነው?»

ሚስትየው ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«አንተ?»

«ቁልፉን ብቻ ነው የጠየቅሁት፣ እታለም፤» አለ ወጣቱ። «እምቢ አለኝ። የመንግሥት ቤት ይሰጥሃል ብለውኝ ነበር። ለሁላችንም የሚሆን ቤት።»

«እሱ ቤት አልነበረውም? አንተን ያሳደገበት ምን ነበር?»

ወጣቱ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ይንገሯቸው እንጂ። ወረቀቱን የሰጡኝ እርስዎ አይደሉም? ዘበኛውንስ ያራቀልኝ ማን ነው?»

«ይሄን ሰውዬ አላውቀውም፤» አለ ሊቀመንበሩ። ፊቱ ግን ፈታ ብሎ ነበር። «ለካ ገዳዩ የተቃዋሚ ታዛቢ ኖሯል! ጥሩ ሠርተሻል፣ እህቴ።»

መርፌ ዘበኛውን ወደ ልጆቹ ሰደደችው። ያየችውን ሁሉ፣ ሊቀመንበሩንም ጭምር፣ አንድም ሳታስቀር ለአለቃዋ አቀረበች። ሥራውን ያስተማራት፣ እንደ አባት የምታየው ሰው ነው። ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ለኔ ተዪው» አላት። እሷም አምናው ተወችለት።

ለቀብር የመጣው ሰው ሳይበተን ሬዲዮው ተናገረ። አንድ የተቃዋሚ ታዛቢ የጣቢያውን ኃላፊ ገድሏል። በዚያው ጣቢያ ሊቀመንበሩ በሰፊ ልዩነት አሸንፏል። ያልታጠፉት ወረቀቶች ከታጠፉት ጋር ተቆጥረው ነበር።

መርፌ ለቅሶ ልትደርስ ገብታ ደጃፉ አጠገብ ተቀምጣለች። አንገቷን አቀርቅራ ስትሰማ ሚስትየው መጥታ አጠገቧ ቆመች። ባሏንም ወንድሟንም ያጣች ሴት ናት፤ አልጮኸችም።

«እውነቱን አንቺ አወጣሽው፤» አለቻት። «የት ነው ያደረሳችሁት?»