የእንኮዬ ቀኝ እጅ

ዓይኑን አፍጥጦ ለሚጠይቃችሁ ሕፃን ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ?

አናውቅም አትበሉ። ሁላችንም ዋሽተናል። ዋሽተን ስናበቃም «ለእሱ ብለን ነው» እንላለን፤ ልጁ ያድግና ያንኑ ይማርልናል። ረውዳ ግን ዋሽታ እንቅልፍ ያጣች ሰው ናት። ፍቅረኞችን የሚለያየው ድህነት ነው፣ ቤተሰብ ነው፣ ሃይማኖት ነው ብሎ ያስተማራችሁ ካለ እሱም ዋሽቷችኋል። ረውዳና ሱሌማን ሁለቱም የስልጤ ልጆች ናቸው፤ ያደጉት ቂርቆስ ነው፣ አባቶቻቸው የሚሰግዱት በአንድ መስጊድ ነው። የለያያቸው አንድ ቃል ነው፤ ያውም በአሻንጉሊት አፍ የተነገረ።

ጊዜው ከሚሌኒየሙ በዓል አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ ቪላ ሳሎን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቀጥታ የሚተላለፍ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ኮከቧ እንኮዬ ናት፤ የክር ፀጉር ያላት፣ አፏ ሰፊ፣ ነገረኛ የጨርቅ አሻንጉሊት። እንኮዬ ያለ ሁለት ሰው አትንቀሳቀስም። አንዱ ጭንቅላቷንና ግራ እጇን ይይዛል፣ ድምጿንም ይሰጣል፤ ሌላው እጁን በቀኝ እጅጌዋ ያስገባል። ሁለቱም ጠረጴዛ ሥር ጎን ለጎን ተኮራምተው ነው የሚሠሩት። ድምጿ ረውዳ ነበረች።

ወጪውን የሚሸፍነው ባምቢስ አካባቢ ቢሮ የነበረው አንድ የጠፈር ኤጀንሲ ነው። ዳይሬክተሩ ዶክተር አባዲ ልጆች ዛሬ ስለ ሳተላይት ካልሰሙ ነገ መሐንዲስ ከየት ይመጣል ይሉ ነበር፤ በዚህስ አልተሳሳቱም። ስለዚህ እንኮዬ በየሳምንቱ ስለ ጠፈር ታወራለች። የምታወራው ልክ መሆኑን እንዲያይ ደግሞ ኤጀንሲው አንድ ወጣት መሐንዲስ ላከ። ሱሌማን ነው።

ገና በመጀመሪያው ቀን ልምምድ አቋረጠ።

«ይቅርታ፣ ጨረቃ ላይ እኮ ነፋስ የለም። ቀሚሷ አይውለበለብም።»

ከጠረጴዛው ሥር የረውዳ ድምፅ መጣ። «ነፋሱን ያመጣኸው አንተ ነህ። በሩን ዝጋው።»

ካሜራማኑ ወዳጆ ሳቀ። አዘጋጇ መብርሂት ግን አልሳቀችም፤ የሱሌማንን እጅ እያየች ነበር። ቀኝ እጅ ሆና የምትሠራው ልጅ ወልዳ ቤት ውላለች።

«እጅህ ረጅም ነው። ግባ እስቲ።»

«የት?»

«ጠረጴዛ ሥር ነዋ! ማለቴ፣ ሰው እስክናገኝ። በቃ ለዛሬ ብቻ።»

ለዛሬ የተባለው ወራት ፈጀ።

ሱሌማን በራሱና በረውዳ ትከሻ መካከል ትራስ ያስገባ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው?» ስትለው ጆሮው እየቀላ «ባዳ አይደለሁ?» አላት። ትራሱ ግን ሁሉን ነገር አላገደም። ሳቁን ለማፈን ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማታል። «ልጆች!» ከማለቷ በፊት የእንኮዬ ቀኝ እጅ ለሰላምታ ተነሥቶ ይጠብቃታል። በዚያ ጥበት ውስጥ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ የሚያዩት እግራቸው ሥር የተቀመጠችውን ትንሽ ስክሪን ነው። እዚያ ውስጥ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ፕሮግራሙ አለቀ፣ የስቱዲዮው መብራት ጠፋ፤ ሁለቱም አልተነሡም።

«ረውዳ።»

«አቤት።»

«ይህ ትራስ አስቸገረኝ።»

«አንተ አይደለህ ያመጣኸው?»

«እኔ ነኝ። ወይ እሱ ይቀመጥ፣ ወይ ሽማግሌ ልላክ። ወላሂ ሌላ መንገድ አጣሁ።»

አፍሮ ሊነሣ ተንቀሳቀሰ። ያኔ የእንኮዬ ጭንቅላት ወደ እሱ ዞረና በእሺታ ተነቀነቀ።

«እሷን እኮ አይደለም የጠየቅሁት» አለ እየሳቀ።

«እሷ ከእኔ ቀድማ ነው የወደደችህ።»

ሽማግሌዎቹ ከዒድ በኋላ እንዲሄዱ ተስማሙ።

በመሃሉ የኤጀንሲው ሳተላይት የሚመጥቅበት ቀን ደረሰ። ዶክተር አባዲ በፕሮግራሙ ላይ ቀርበው፣ ጣት የምታህል ትንሽ እንኮዬ አብራ ወደ ጠፈር እንደምትሄድ ለልጆቹ ቃል ገብተው ነበር። ሳተላይቱ ሐሙስ ማምሻውን ወጣ። በማግስቱ ሱሌማን ረውዳን ካዛንቺስ አንድ ጁስ ቤት ጠራት። የመጣለትን ስፕሪስ አልነካውም።

«አልሄደችም» አላት።

«ማን?»

«ትንሿ እንኮዬ። ክብደት በዛ ተብሎ መጨረሻ ላይ አስቀርተዋታል። እኛ መጋዘን ካርቶን ውስጥ ናት፤ በዓይኔ አየኋት። ዶክተር ደግሞ ሄዳለች በሉ ብለዋል።»

«እና እኔ ነገ ምን ልበል?»

«እውነቱን። ከብጄ ቀረሁ በያቸው። ልጆች ናቸው፤ ይገባቸዋል፣ እንደውም ይስቃሉ። ብቻ አትዋሺ ረውድዬ። ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው» አለችው። ስትናገረው ከልቧ ነበር።

በማግስቱ የመጀመሪያዋ ደዋይ ከቄራ የደወለች ሕፃን ነበረች። ድምጿ ቶሎ ቶሎ ይቆራረጣል።

«እንኮዬ፣ ሐሙስ እኮ ጣራ ላይ ወጥቼ እጄን አወዛወዝኩልሽ! አየሽኝ?»

ለመፍረድ አትቸኩሉ። ዶክተር አባዲን ፈርታ አይደለም፤ ለእንጀራዋም ሰግታ አይደለም። ያችን ድምፅ «አላየሁሽም» ማለት አቃታት። ለዚህ ነው ጥፋቱ የሚያሳፍረው፤ በጎ ስለሚመስል።

«አየሁሽ እንጂ!» አለች በእንኮዬ አፍ። «ከዚያ ሁሉ ሰው አንቺን ለይቼ አየሁሽ!»

በስክሪኑ ላይ የእንኮዬ ቀኝ እጅ ተነሣ። ቀስ ብሎ መጣና አፏን ሸፈነው።

ረውዳ ትራሱን በክርኗ ገፋች። እጁ አልተነቃነቀም። በስልኩ ውስጥ ያለችው ሕፃን ትጠብቃለች፤ አገር ሁሉ እያየ ነው። ረውዳ ያኔ ሳቀች፤ በዚያ ልጆች በሚወዱት የእንኮዬ ሳቅ።

«ይቺ ቀኝ እጄ ደግሞ! ጠፈር ስትሄድ አዙሯት አብዳ ተመለሰች!»

ሕፃኗ ሳቀች። ስቱዲዮው ሳቀ። ሱሌማን እጁን ከእጅጌው አወጣ፣ ትራሱን አነሣ፣ እየዳኸ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ሄደ። የእንኮዬ ቀኝ እጅ እንደ ባዶ ካልሲ ተንጠለጠለ።

ከዚያ ኤጀንሲው ሥራውን ሠራ። ባለሙያው በሥራ ሰዓት ጠጥቶ በመገኘቱ ተሰናብቷል የሚል መግለጫ በሬዲዮ ተነበበ። በሕይወቱ ቢራ ያልቀመሰ ሰው! ይህን የምታውቅ፣ በዚያች ጠዋት ከትንፋሹ አጠገብ የነበረች አንዲት ምስክር ብቻ አለች። እሷም «አልሰከረም» ካለች፣ ታዲያ አፍሽን ለምን ያዘሽ መባሉ አይቀርም። ምስክሯ ዝም አለች።

ሽማግሌዎቹ ከዒድ በኋላ ባምቢስ ወደሚገኘው የአባቷ የምንጣፍ ሱቅ ሄዱ። አባቷ አቶ ሙዘይን አላስገቧቸውም። ጎረቤት ነጋዴ ሁሉ እያየ በሩ ላይ ቆመው መለሷቸው። «ለሰካራም የምሰጠው ልጅ የለኝም» አሉ።

ማታ ጠሯት። «ልጄ፣ አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። ሰክሮ ነበር?»

ረውዳ ወለሉን አየች።

«አይ፣ መቼስ» አሉ ዝምታዋን በራሳቸው መንገድ ተረድተው፤ «ጤነኛ ሰው በቴሌቪዥን የአሻንጉሊት አፍ አይይዝም።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አይጣል ነበሩ። ሰው ባገኛት ቁጥር «ያቺ ቀልድሽ ገደለችኝ» ይላታል። መብርሂት «ትንሽ ታገሺ፣ ይረሳል» ትላታለች። የካዛንቺስ ልጆች መንገድ ላይ አንዱ የሌላውን አፍ እያፈነ «አብዳ ተመለሰች!» እያለ ይጫወታል። እያንዳንዱ ሳቅ ውስጥ የራሷን ሳቅ ትሰማለች። ለመስገድ ስትቆም እንኳ እዝነ ልቦናዋ ውስጥ ያችው ሕፃን «አየሽኝ?» ትላታለች።

ሱሌማንን አፈላልጋ ያገኘችው ቄራ ነው። አጎቱ ዲሽ ይተክላል፤ እሱም ጣራ ላይ ቆሞ የአንዱን ቤት ዲሽ እያስተካከለ ነበር። ከታች ሆና ጠራችው። ወደ ታች አየ፣ አልወረደም።

«ሱሌ፣ ውረድ። ላናግርህ።»

«ተናገሪ፣ እሰማለሁ።»

«ሰው እየሰማ?»

«ሰው ቢሰማ ምን አለበት?»

በር ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ወንበሯን ወደ እነሱ አዞረች። «ንገሪው እንጂ የኔ እህት» አለች፤ «አንገቱን እኮ አመመው።»

ረውዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይቅር በለኝ። እንዳልሰከርክ አውቃለሁ።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

«እኔ።»

«አንቺ ብቻ?» ዲሹን ለቀቀው። «ለእኔ ብቻ ከነገርሽኝማ፣ ያልሰከርኩት ለእኔ ብቻ ነው። አባትሽ ዘንድ ሰካራም ነኝ። እናቴ ገበያ ስትሄድ የሰካራም እናት ናት። ያቺ የደወለችው ልጅም እስካሁን እንኮዬ አይታኛለች እያለች ነው።»

«ትጠላኛለህ?»

የለቀቀውን ዲሽ መልሶ ያዘ። ቲማቲም ሻጯ አንገቷን አሰገገች።

«ብጠላሽ ኖሮ ወርጄ አዋራሽ ነበር» አለ። «የማልወርደው ከወረድኩ ይቅር ስለምልሽ ነው። እዚህ ማንም ሳይሰማ ይቅር ካልኩሽ ደግሞ በቃ፣ ነገሩ እዚሁ ይቀበራል። በሰው ፊት የተዘጋብኝ በር በሰው ፊት ይከፈት። ያን ቀን ዛሬ ነገ ሳልል ሽማግሌ እልካለሁ።»

በቀጣዩ ቅዳሜ አዲስ የተቀጠረ ልጅ በእንኮዬ ቀኝ እጅጌ እጁን አስገባ። የካሜራው ቀይ መብራት በራ። ረውዳ ግን ጠረጴዛው ሥር አልተቀመጠችም። እንኮዬን ከእጇ አወለቀችና ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻት፤ ሻርፗን አስተካክላ ካሜራው ፊት ቆመች። መብርሂት ከኋላ ሆና «ቁረጡ!» እያለች እጇን ታወናጭፋለች። ወዳጆ ያየ አልመሰለም፤ ካሜራውን ወደ ረውዳ ፊት አስጠጋ።

«ልጆች፣ የእንኮዬ ድምፅ እኔ ነኝ። ስሜ ረውዳ ነው» አለች። «ትንሿ እንኮዬ ጠፈር አልሄደችም። ከብዳ ቀርታለች፤ ካርቶን ውስጥ ናት። አውቄ ነው የዋሸኋችሁ። ከቄራ የደወልሽው፣ አላየሁሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ባታደርጊም አልቀየምሽም። ያን ቀን አፌን የሸፈነው ሰው ሱሌማን ይባላል። ሰክሯል ተባለ። አልሰከረም፤ ከእኔ በላይ ጤነኛ ነበር። ዋሾዋ እኔ ሆኜ የተባረረው እሱ ነው። ዶክተር አባዲ፣ ሰክሯል ያሉት በሬዲዮ ነው፤ አልሰከረም ሲሉም በሬዲዮ ይሁን።»

ትንፋሽ ወሰደች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ አልጠረገችውም።

«አባ፣ እያየኸኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰክሮ ነበር ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ ዝም አልኩህ፤ ዝምታዬ ከቃሌ የባሰ ውሸት ነበር። ይኸው ዛሬ መለስኩልህ። አንተም መልስልኝ፤ ቤት ስገባ አይደለም፣ በእማ በኩልም አይደለም። እነዚያን ሽማግሌዎች የመለስካቸው ሰው ሁሉ እያየ ነው። ነገ በርህ ላይ ቢቆሙ ምን ትላቸዋለህ? የስቱዲዮው ስልክ ክፍት ነው። አሁን ደውልና ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገር!»