መነጽሩ ያላያቸው ቄስ

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ «ተወን እባክህ!» ብሎ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፣ እውነቴን ነው፣ ዛሬ ግን ራሴው ላወራህ ነው፣ ከፈለግህ ሳቅብኝ፣ ከሚገባኝ ያነሰ ነው።

ያን ጊዜ ጉና ላይ የዱር እንስሳ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር መንገድ መሪ ሆኜ እሠራ ነበር፣ እነሱ ወደ ንፋስ መውጫ ሲወርዱ አንድ ዕቃ እኔ ዘንድ ይተዋሉ፣ በአንድ ዓይን የሚያዩበት፣ መዳፍ የሚያህል መነጽር ነው፣ የሚያየው ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ነው፣ ጨለማም ቢሆን ነፍስ ያለው ነገር ነጭ ሆኖ ቦግ ይላል፣ የቀረው ሁሉ ጥቁር። ጉራዬን ምን ልንገርህ! አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሰፈሩ ሰው ቁጥቋጦ ሥር የተኛች ጥንቸል አሳየሁበት። የንስሐ አባቴ ቄስ ጥሩነህ ተቀብለው ቢያዩ ምንም አልታያቸውም፣ ለካ ካፊያ መስተዋቱን አርሶታል፣ በጋቢዬ ጫፍ ስጠርገው ታየቻቸው። «አይ አስማማው፣ ይሄም እንደኛ ዓይኑን ማበስ ይፈልጋል!» ብለው ሳቁ።

በነሐሴ አንድ ቀን ቄስ ጥሩነህ ከገደሉ ማዶ ላለ በሽተኛ ጠበል ሊረጩ በጠዋት ወጥተው ሳይመለሱ መሸ። ጭጋጉን ተወው፣ የገዛ እጅህን አታይም። ሚስታቸው እትዬ ስንዱ እያለከለኩ መጡና «አስማማው፣ የኔ ልጅ፣ ያን መነጽርህን ይዘህ ውጣልኝ» አሉኝ። «እትዬ፣ በሕይወት ካሉ ከዚህ አያመልጡም» አልኳቸው፣ ይህን አፌን!

ከጎረቤቴ ከሙላትና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆነን በዝናብ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምን። መነጽሩን ወደ ታች አዞርኩ፣ ጥቁር፣ ወደ ግራ፣ ጥቁር፣ ወደ ቀኝም እንደዚያው። ያኔ መጀመሪያ ጠጠር ሲንከባለል ሰማን፣ ቀጥሎ ከዘራ ድንጋይ ሲመታ ዓይነት ኳ፣ ኳ አለ፣ ከዚያ ከእግራችን ሥር ጥርት ብሎ፣ «ወልደ ሰንበት!»

«ወልደ ሰንበት ማነው?» አለ ሙላት፣ ማንም አላወቀም። የኔ የክርስትና ስም ነው፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚያውቀው ሰው የንስሐ አባቴ ብቻ ነበሩ፣ እመነኝ፣ ድምፁም የሳቸው ነበር። እንደገና አየሁ፣ ጥቁር ነው። «ወልደ ሰንበት» አለ ደግሞ፣ አሁን ደከም ብሎ።

ሙላት ክንዴን ጨበጠኝ፣ «አቤት እንዳትሉ! ሦስት ጊዜ ካልጠራ ሰው አይደለም። አስማማው፣ ይታይሃል?»

«እዚያ ሰው የለም» አልኩ፣ «መነጽሩ አይዋሽም።»

የተጠራሁት እኔ ነኝ ብል መውረድ ሊኖርብኝ ነው፣ ገደሉን ፈራሁ፣ ያን ሁሉ ጉራ ነዝቼ መነጽሩ ተሳስቶ ይሆናል ማለትም አፈርኩ። ሦስተኛውን ጥሪ ጠበቅን፣ አልመጣም፣ ወደየቤታችን ገባን።

በማግስቱ ከቆምንበት ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ከዓለት ሥር ተገኙ፣ እግራቸው ተሰብሯል፣ ከዘራቸውን እንደያዙ አርፈዋል። የገነዟቸው ሽማግሌ «ሬሳው ደርቋል፣ ያረፉት ትናንት ከቀትር በፊት ነው» አሉ፣ ታዲያ እኔን ማን ጠራኝ? እትዬ ስንዱ ደግሞ «ብብታቸው ገና ይሞቅ ነበር» አሉ፣ ታዲያ እኔ ምን ልባል ነው? መስተዋቱን ጠርጌው ነበር ብዬ ብምልልህ ውሸቴን ነው፣ አላስታውስም። ጋኔን በሆነልኝ ብዬ የምለምን ሰው ሆኛለሁ፣ እኔ፣ ያ ሳቂው።

በአርባቸው ዕለት እትዬ ስንዱ እጄን ይዘው በዚያ ዝናብ ስለወጣሁላቸው መረቁኝ፣ ቀጥለውም «ሙላት ነገረኝ፣ ወልደ ሰንበት የሚባል ሰው ታውቃለህ እንዴ? በስተመጨረሻ ማንን ይሆን የተጣሩት?» አሉ።

«ኧረ አላውቅም፣ እትዬ» አልኳቸው፣ ቀና ብዬም አላየኋቸው።

እስካሁን ሌላ የንስሐ አባት አልያዝኩም፣ መጀመሪያ የሚጠይቁህ የክርስትና ስምህን ነው። በጭጋግ ቀን ግን ሰው ሲጣራ ከሰማሁ፣ ማንም ማንንም ይጥራ፣ ብድግ ብዬ አቤት እላለሁ፣ ሰፈሩም ይስቅብኛል።