ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣው የባንክ ሰው

የባንክ ሰው ሲባል ስሰማ ምራቄን የምውጠው ለይሉኝታ ብዬ ነው፤ ልቤስ ትፊው ይለኛል። ከነዚያ ሰዎች አንዱን ግን ወድጄ ነበር፤ ምን ላድርግ!

አንለይን ያገኘሁት በ1974 ክረምት መግቢያ ላይ፣ ላንድሮቨሩ በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል ዋልካ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ሳለ ነው። በግጦሽ መሬታችን ላይ የመንግሥት የሩዝ እርሻ ሊቋቋም ነበርና፣ ያዋጣል አያዋጣም ብሎ እንዲፈርም ገንዘቡን የሚያበድረው ባንክ ከባሕር ዳር የላከው ባለሙያ ነው። አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ መኪናውን አወጣለት። እሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይስቃል! ሌሎቹ ባለቦርሳዎች ቢሆኑ ይሳደቡ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ዓይኔን ሳልሰብር ቀረሁ። በቃ፣ አለቀልኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረታ ገበያ እንገናኝ ጀመር።

«ሁለተኛውን የሙያ ፈተና አልፌያለሁ» አለኝ አንድ ቀን። «ለሦስተኛው ውጭ አገር ይልኩኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የኢንቨስትመንት ባንክ ሊቅ እባላለሁ።»

«እሰይ! ሊቅነቱ ምን ይሠራል?»

«የሚያዋጣውን ከማያዋጣው መለየት ነዋ።»

«አያዋጣም ብላችሁ ታውቃላችሁ?»

ዙሪያውን ገላመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አለቆች የወደዱት እርሻ አንድም ቀን አያዋጣም ተብሎ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሁሉም ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ከበላይ በስልክ የታዘዘውን ያጸድቃል። ወይ ትምህርት! ለዚህ ለዚህማ ማኅተሙን ለዘበኛው መስጠት ይበቃ ነበር።

«የናንተን ግጦሽ ግን አላስነካም» አለኝ እጄን ይዞ።

አመንኩት። እጁ ይሞቅ ነበር፣ እኔም ጅል ነበርኩ።

በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ ግጦሻችን ላይ ካስማ ተተከለ። እርሻው ጸድቋል ተባለ እንጂ ማን እንደፈረመ የነገረን የለም። በዚያው ሰሞን አንለይ ሽማግሌ ላከ። ላከ አልኩ እንጂ፣ ራሱም አብሮ መጣ! ሊያገባ የሚጠይቅ ሰው ከሽማግሌ ጋር የሚመጣው በየት አገር ነው?

«ኧረ ቤትህ ሆነህ ጠብቅ ብንለው እምቢ አለን» አሉ አያ አዛናው፣ ትልቁ ሽማግሌ፣ በሐፍረት አንገታቸውን ደፍተው።

«በኛ ሙያ ባለጉዳዩ ራሱ ካልቀረበ ማመልከቻው አይታይም» አለ አንለይ ፈገግ ብሎ። በአጥር የሚያዩት ጎረቤቶች ሳቁ።

ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም፤ ሁሉም ቆመዋል። የአባቴ ፊት ፈታ አለ፤ ተቀመጡ ሊል ነው። ይሄኔ ከጓዳ ወጣሁ። ሴት ልጅ በእንዲህ ያለ ቀን ብቅ አትልም፤ እሱ ደንቡን ካፈረሰ እኔን ማን ይከለክለኛል?

«አንለይ፣ የግጦሻችንን ጉዳይ ማን ፈረመው?»

ፈገግታው ጠፋ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ባልፈርም ትምህርቱ ይቀርብኝ ነበር። ደግሞስ ጽጌሬዳ፣ እኔ ብተወው ሌላው ይፈርመዋል።»

«እንግዲያው እኔንም ሌላው ያግባኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። እኔ ግን ከቃሌ አልተመለስኩም። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ፣ እሱም ተከተላቸው።

«ትወጂው አልነበር እንዴ፣ ልጄ?» አለ አባቴ ግቢው ጭር ሲል።

«እወደዋለሁ አባየ» አልኩና ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። «አሁንም እወደዋለሁ። ከብቶቹን ወዴት እንነዳቸው?»