የሰባተኛዋ ሴት ደም

በክሊኒኩ አልጋ ላይ የተጋደመችው ሟች ዓይኖቿ እንደ እርድ ቢጫ ሆነዋል። ጉበታቸው ስብ ለያዘና የእንቁላል ማፍሪያቸው ጥቃቅን ከረጢት ላወጣ ሴቶች በሚሞከረው፣ ሕመሙ የሚያበዛባቸውን የወንድ ሆርሞን በሚያግደው መድኃኒት ጥናት ሰባተኛ ተመዝጋቢ ነበረች። ነገርን ከሥሩ ካልጠየቀች የማትለቀው፣ ባልደረቦቿም «እመት ለምን» የሚሏት መርማሪ ፋይሉን ገለጠች። ከሦስት ሳምንት በፊት የተቀዳው ደም ጉበቷ ደህና ነው ይላል። በዚያ ውጤት፣ ጉበት ሊጎዳ የሚችለው መድኃኒት ቀጥሎላታል።

«ለምን ሞተች ታዲያ?»

«ሕመሟን ደብቃን ይሆናል» አለች ጥናቱን የምትመራው ዶክተር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

መርማሪዋ ወደ ሟች ባል ዞረች፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። «አንተስ ምን ታውቃለህ?»

«አገጯ ላይ ጢም ስላለ ከቤት የምትወጣው ተላጭታ ነበር። እዚህ ስትመጣ ግን ሳትላጭ ነው፤ ‹እንዳለሁ ይዩኝ› እያለች።»

መርማሪዋ አፈረች። ከጠዋት ጀምሮ መርዝ አብልቷታል ብላ የጠረጠረችው እሱን ነበር።

በማግስቱ ባልየውን፣ ዶክተሯን፣ የክሊኒኩን ነርስና የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ደም መቅጃው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ከሦስት ሳምንት በፊት በሷ ቁጥር ከተቀዳው፣ ፍሪጅ ውስጥ የተረፈውን ደም አስመረመርኩ። የወንድ ሆርሞኑ ከሌሎቹ ሴቶች አሥር እጥፍ ነው።»

«እሱንማ አይቼዋለሁ። ሕመሙ ራሱ ከፍ ያደርገዋል ብዬ...» ዶክተሯ አልጨረሰችውም።

«ያደርገዋል፤ እዚህ ድረስ ግን አያወጣውም። ይህ የወንድ ደም ነው። ከእናንተ ወንዶቹ ሁለት ናችሁ። ባልየው ያን ሳምንት ጭነት ይዞ ድንበር ላይ ነበር፤ የኬላው መዝገብ ይመሰክራል።» ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «ለምን?»

ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

«በአሥራ አምስት ዓመት አንድ ብልቃጥ ሰብሬ አላውቅም። የሷ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ‹ነይ፣ ድጋሚ ልውጋሽ› ማለት አፈርኩ። የራሴን ቀዳሁና ቁጥሯን ለጠፍኩበት። ደህና ትመስለኝ ነበር።»

«ብልቃጡ ሲሰበር ሄዳ ነበር?» አለ ባልየው።

ነርሷ ፊቷን በእጇ ሸፍና መለሰች።

«የት ትሄዳለች! ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብላ ነበር እኮ።»

ቴክኒሻኑ በሩን አየ። ከእሱ ወንበር እስከ በረንዳው አምስት እርምጃ አይሞላም።