የገብረማርያም ልጅ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ጴንጤ ነኝ፣ ሟርት ምናምን የሚሉኝን ሰዎች «ጌታ ይገስጸው» ብዬ ወሬ የማስቀይር፣ አሁን ግን ራሴው ላወራችሁ ነው፣ እመኑኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

እዚህ ውጭ አገር፣ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለችው ቡሪየን ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አስታምማለሁ፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤትዎ ይረፉ ብለው የመለሷቸው፣ ስማቸው ማኬልመሪ ይባላል። መጀመሪያ ቀን ባጄን አንብበው «ገብረማርያም ምን ማለት ነው?» አሉኝ። የአባቴ ስም ነው፣ የማርያም አገልጋይ ማለት ነው ስላቸው እንባቸው መጣ። ለካ የሳቸውም ስም ጌሊክ በሚባለው በጥንቱ የአየርላንድ ቋንቋ «ማክ» ልጅ፣ መሐል ያለችው «ኤል» አገልጋይ ከሚለው ቃል የተረፈች፣ «መሪ» ደግሞ ማርያም ኖሯል፣ ገጣጥሙት እስቲ፣ የገብረማርያም ልጅ! «ይህ ስም ያለው ሌላ ሰው አላውቅም፣ ከኔ ጋር ያልቃል» ይሉ ነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ነው የሚሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ እንደ ልማዱ ያካፋል፣ አንድ አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ማንኪያውን እያንቀጫቀጨ አለፈ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ፣ የአሸንዳው ጠብታ ሳይቀር። በረንዳው ላይ ጣውላው ሲጢጥ አለ። ወዲያው የሴት ድምፅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «የገብረማርያም ልጅ!»

«አቤት!» አልኩ። ምን ላድርግ፣ ስንጠራ አቤት እያልን አይደል ያደግነው? በሩን ብከፍት ማንም የለም።

ስመለስ፣ ያለ ሰው ድጋፍ ቀና ማለት ያቃታቸው ሽማግሌ አልጋው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ለምን መለስሽላት?»

«ስሜን ጠሩኝ እኮ።»

«የጠራችው የኔን ነው፣ በጌሊክ። በቤታችን ሰው ሊሞት ሲል አንዲት የማትታይ ሴት ከደጅ ትጣራለች፣ የመለሰላት ይሄዳል፣ አባቴንም ስትጠራው ሰምቻለሁ። እኔ ዝም ብዬ ነበር፣ አንቺ መለስሽ።» ትንሽ አሰቡና ዓይናቸውን ከኔ አሸሹ። «ማክ ግን ወንድ ልጅ ነው፣ ለሴት ሌላ ቃል አለው። ወንድም አለሽ?»

አለኝ። ታናሼ ዳዊት፣ እዚሁ አጠገባችን ሬንተን ከተማ ነው የሚኖረው። በማግስቱ ሽማግሌው ሾርባ ጠየቁ፣ በሦስተኛው ቀን ቆመው ሄዱ፣ ልታያቸው የምትመጣው ነርስ በደስታ አጨበጨበች፣ እኔ ግን ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ዳዊትን በየሰዓቱ እየደወልኩ አሰለቸሁት።

«ኦኬ ነኝ አልኩሽ እኮ! ሶ አሁን ስምህን ሲጠሩህ ዝም በል ነው የምትይኝ?»

ትናንት እያወራን «አንዴ ሆልድ አድርጊ፣ ደጅ ሰው እየጠራኝ ነው» አለኝ።

«ዳዊት ብሎ?»

«ኖ፣ በአባባ ስም ነው።» እዚህ አገር ሰው በአባቱ ስም ይጠራል፣ አውቃለሁ፣ ግን አፌን ሳልከፍት «አቤት!» ሲል ሰማሁት። ተመልሶ «ሰው የለም» አለኝና ሳቀ።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን አላነሳም። ሥራ ላይ ይሆናል እላለሁ። ሽማግሌው ወጥ ቤት ገብተው እያፏጩ እንቁላል እየጠበሱ ነው።